ድንጋይ ላሿን ፍለጋ ሽቅብ

ይህን የምጽፈው ከመንገድ ተመልሼ፣ እግሬን በሞቀ የጨው ውኃ ከነከርኩ በኋላ ነው። ትምህርቴ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት እስክደግም ነበር፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሰኝ። ከይጁቤ ወደ ታች ያለን ሰዎች ሽቅብ ወደ ጮቄ ተራራ የሚያስኬድ ጉዳይ የለንም። ለድንች ዘር ካልሆነ፣ ለለቅሶ ካልሆነ ማን ይወጣል? እኔ የወጣሁት ለዓሣ ነው። ለዚያውም ለማትበላ ዓሣ።

ዓሣዋ ብትረዝም ትንሽ ጣቴን ነው የምታህል። ጀርባዋ የጭቃ ቀለም ነው፣ ሆዷ ነጣ ያለ። አፏ እንደ ሌላው ዓሣ ከፊት አይደለም፤ ከአገጯ ሥር ነው፤ በሱ ድንጋይ ላይ ልጥፍ ትላለች። ጎርፍ ቢገፋት አትላቀቅም። ቀኑን ሙሉ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር ስትልስ ትውላለች። ለዚህ ነው ድንጋይ ላሽ የምንላት። የተማሩ ሰዎች ሌላ ስም ይኖራቸው ይሆናል።

ከቤቴ በታች የሾላው ምንጭ የምንለው አለ። እነዚህ ዓሣዎች ከአያቶቻችን ጀምሮ እዚያ ነበሩ። ዓሣ የሚውልበት ውኃ ለሰው ይሆናል፣ ዓሣ የሌለበትን ለከብትም አትመኑት እየተባልን ነው ያደግነው። ውኃ የሚቀዳ ሰው ቅሉን ከመንከሩ በፊት የምንጩን አፍ ድንጋይ ኳ፣ ኳ ያደርጋል። ዓሣዎቹ ወደ ጥግ ይሸሻሉ፤ ያን ጊዜ ይቀዳል። ሳያንኳኳ ቀድቶ ዓሣ በቅሉ ይዞ የመጣ ልጅ ራት ሳይቀምስ መልሶ ያደርሳታል። ሕጋችን ይኸው ነው፣ የጻፈው የለም።

ያለፈው ክረምት መውጫ ላይ አንድ የሰፈራችን ሰው የአረም መድኃኒት የረጨበትን ዕቃ እዚያ አለቀለቀ። ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ሳያውቅ ነው ያደረገው፣ በሽማግሌ ፊትም አልቅሶ ታርቀናል። ዓሣዎቹ ግን በማግስቱ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው ተንሳፈፉ። የአያ ካሴ ጥጃም ከዚያው ጠጥታ ሞተች። እኛም ደንግጠን ምንጩን አጸዳነው። ውኃውን ቀድተን ደፋን፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ አውጥተን በአመድና በገለባ ፈተግነው፤ ከሥር አዲስ ጠጠር አነጠፍን። ክረምቱ ሄዶ በጋው ሲገባ ውኃው እንደ መስተዋት ጠርቶ ተቀመጠ። ዓሣ የለበትምና የሚጠጣው ግን ጠፋ።

ምራቴ ትርንጎ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ልጄ ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዷል። ነፍሰ ጡር ናት። ምንጩ ከተተወ ወዲህ ውኃ የምትቀዳው ገደሉ ሥር ወርዳ ነው። አንድ ቀን ከነጀሪካኗ ተንሸራታ ጉልበቷ ተልጦ መጣች። «ምንም አልሆንኩም፣ አባባ» ብላ ወጥ መጣዷን ቀጠለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ገደል ወርዳ እስክትመለስ መቀመጥ አልሆነልኝም። በር ላይ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ።

አያ ካሴ በስብሰባ ተነሥቶ፣ የሞተ ውኃ ደጃችን ላይ ከሚቀመጥ ባሕር ዛፍ ይተከልበትና መጥጦ ያድርቀው አለ። ክፋት አይደለም፤ ጥጃውን በገዛ እጁ የቀበረ ሰው ነው። ብዙው ሰው ከሱ ጋር ሆነ። በመጨረሻ ነገሩ ለኪዳነ ምሕረት ተቀጠረ፤ እስከዚያ ዓሣ ተገኝቶ በሕይወት ከዋለበት ምንጩ ይቆያል፣ ካልዋለበት ችግኙ ይተከላል። በአቅራቢያችን ያሉትን ወንዞች ሰዉ የብርብራ ፍሬ እየወቀጠ ዓሣ ሲያሰክርባቸው ኖሮ ትልቁም ትንሹም አልቋል። ማን ያምጣ ሲባል የሚነሣ ጠፋ። እኔ አመጣለሁ አልኩ። የደነገጥኩት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሰኞ

ትርንጎ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ፣ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን በአመድ አጥባ በገመድ አንጠልጥላ ሰጠችኝ። መንገዱ ጥግ ድረስ ሸኘችኝ። እንዳትወርጂ፣ የጎረቤት ልጆች ይቅዱልሽ አልኳት፤ እሺ አለች። እንደምትወርድ ሁለታችንም እናውቃለን።

እስከ ይጁቤ በእግር ነው። ይጁቤ ላይ ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ያወራል፣ እኔ ግን በመኪናዋ ዙሪያ ስዞር ነበር። ረዳቱ፣ አባባ፣ ጎማው ላይ እንዳይወጡብኝ አለኝ። ተነሥተን ብዙም ሳንሄድ ያው ጎማ ተነፈሰ። እስኪቀየር ከመንገድ ዳር ቆመን አንዲት ጎመን የያዘች ሴት ባዶ ጀሪካኑ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለዓሣ ነው አልኳት።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ ሮብ ገበያ፣ ጮቄ።»

ከት ብላ ሳቀች። «አባባ፣ ለዓሣማ ጣና አለልዎት። ጮቄ ላይ የሚገኘው ብርድ ነው።»

ሌሎቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ በልቤ ግን አላመንኳትም። ውኃ ከላይ ነው የሚመጣው፤ ከላይ ያለው ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ በሆነበት ዓሣ ይበዛል ብዬ ነበር የተነሣሁት። እኛ አገር እንደዚህ ነው የምናስበው።

ደብረ ማርቆስ ስንዱ ቤት አረፍኩ። ስንዱ የአጎቴ የልጅ ልጅ ናት፤ ቤቷ ከመናኸሪያው አይርቅም። ከመግባቴ እግሬን አጠበችኝ፣ ምስር ወጥ አቀረበችልኝ፣ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ አስተኛችኝ። እኛ መደብ ላይ ለለመድነው ፍራሹ እንደ ማጥ ነው፤ ሰው ይዞ ይሰምጣል። ውኃቸው ከግቢው ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሽታው እንደ ጤና ጣቢያ ነው። በከተማው የሆድ በሽታ ስለገባ ስንዱ በበኩሏ ተጨማሪ ማከሚያ ጠብ ታደርግበታለች። በሻይ መልክ ካልሆነ አልወርድልህ አለኝ። ቤቷ ግን እንዴት የጸዳ ነው! ድመቷ እንኳ እግሯን ጠርጋ የምትገባ ነው የምትመስል።

ማክሰኞ

ወደ ሮብ ገበያ የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው፣ ብርዱም ከመንገዱ ጋር ይወጣል። እኛ ጤፍ የምናጭድበት ሜዳ ቀርቶ ገብስና ድንች ይጀምራል። ሰዉ እስከ ዓይኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፈረስ ላይ ነው። እኛ ዘንድ በዚህ ወር ቀትር ላይ ጥላ ይፈለጋል፤ እዚያ ፀሐይ የወጣበትን ጥግ ይሻማሉ።

ከከተማዋ በላይ አለነ የሚባል ገበሬ አለ። የድንች ዘር ይዞ ወደኛ ሲወርድ እኔ ቤት ነው የሚያርፈው፤ አሁን ተራው የኔ ሆነ። ሲያየኝ አላመነም፤ ሰው ሞተ እንዴ ብሎ ነጠላውን ሊያዘቀዝቅ ምንም አልቀረው። ጉዳዬን ስነግረው ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። ሳቁን ነበር የሚደብቀው።

«ና ውኃችንን ላሳይዎት» አለኝ፤ አንተና እርስዎ ተደባልቆበት።

ከቤቱ በላይ ከጓሳው ሣር መሐል የምትወርድ ጅረት አለች፤ የጠራች፣ እንደ ብርጭቆ። እኔም ደስ አለኝ። ተንበርክኬ ድንጋይ ማገላበጥ ጀመርኩ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ምንም የለም። እጄ ደንዝዞ የራሴ አልመስልህ አለኝ። ካንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፣ አለነ ይከተለኛል፣ በመጨረሻ ክንዴን ይዞ አነሣኝ።

«አያ ደሴ፣ ይህ ውኃ እኛን ያንቀጠቅጠናል። ዓሣ በምን ዕዳው ይወጣበታል? ደበሎ የለው።»

ያን ጊዜ አብሬው ሳቅሁ፣ ልቤ ግን ወደ ቤት ሄዶ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ፊት አመጣለሁ ብዬ፣ ንጹሕ ውኃና ባዶ ጀሪካን ይዤ ልመለስ ነው? ገደሉና የትርንጎ ጉልበት መጡብኝ።

ሚስቱ ያልጋነሽ እጄን እሳት ላይ ይዛ በቅቤ አሸችልኝ። ድንች በእሳት ጠብሳ፣ ከዳጣ ጋር፣ አይብም ጨምራ አቀረበች። እኛ ድንች ወጥ ውስጥ ፈልገን የምናገኘው ነገር ነው፤ እነሱ እንደ እንጀራ ይቆርሱታል። ጥሩ ነው። ሦስቴ አጎረሰችኝ፣ አራተኛውን ይብቃኝ ብላት ተቆጣች። አልጋቸውን ለቀቁልኝና እነሱ ምድጃው ዳር ተኙ። እምቢ ብል አለነ፣ እርስዎ ቤት እኔ መሬት ተኝቼ አውቃለሁ? አለኝ። እዚያው ምድጃው ዳር ተኝቶ ሳለ ነው የነገረኝ፤ ቁልቁል ወንዙ ሸለቆ የሚገባበት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሥር፣ አንድ ኩሬ አለ። ብርዱ ይላላል። የቤተ ክርስቲያን ውኃ ስለሆነም ብርብራ የሚበትንበት የለም። ትናንሽ ነገር ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ አለ። ቀድሞ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ብጠይቀው፣ «እርስዎ ሽቅብ ሽቅብ ሲያዩ መቼ ጊዜ ሰጡኝ» አለ። እውነቱን ነው።

ረቡዕ

ቁልቁል መውረድ ከመውጣት ይከፋል፤ ጉልበት ነው የሚበላ። አለነ ጀሪካኑን ይዞልኝ ከፊት ይሄዳል፣ ሮብ ገበያ ለገበያ የሚወጣ ሰው በሙሉ ፊት ለፊታችን ነው፤ ከእያንዳንዱ ጋር ቆሞ እንዴት አደራችሁ ይላል። እኔ በልቤ እንሂድ እንሂድ እላለሁ። እኛም አገር ሰላምታ ረጅም ነው፣ የነሱ ግን የበግ ጤና ሳይቀር ይጠየቅበታል።

የጥድ ዛፍ የበዛበት ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ከሥሩ ውኃው ከዓለት ይወርድና ኩሬ ይሠራል፤ ከኩሬው ዳር አንዲት ትንሽ ቤት፣ ከቤቷ ደጃፍ አንዲት መነኩሲት እንዝርት ይዘው ጥጥ ይፈትላሉ። እማሆይ ነው የሚሏቸው፣ ሌላ ስም አልሰማሁም። ኩሬውን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ድንጋዩ ጥቁርና አረንጓዴ ነው፣ ሲያዩት የቆሸሸ ነው የሚመስል። አንዱ ድንጋይ ላይ ዓይኔን ባቆም ጠርዙ ተንቀሳቀሰ። ልጥፍ ብላለች። ጎኗ ሌላ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ የማውቀውን ሰው መንገድ ላይ ያገኘሁ መሰለኝ።

እማሆይ ግን አልሰጥም አሉ። ሳይቆጡ ነው፣ እንዝርቱንም ሳያቆሙ። «እነዚህ እዚህ መንነው የገቡ ናቸው። የመጣ ሁሉ ይውሰድ ካልኩ ነገ ብርብራ የያዘውም ይመጣል።»

እኔም መለመን ትቼ ስለ ምንጩ ነገርኳቸው። ስለ ማንኳኳቱ፣ ስለ አረሙ መድኃኒት፣ ስለ ጥጃዋ፣ ስለ ትርንጎ ጉልበት፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት ቀጠሮ። ማንኳኳቱ ላይ ስደርስ ቀና ብለው አዩኝ። እሺ ሊሉኝ ነው ብዬ ነገሩን ላሳምር ብዬ፣ አሁን እንዴት እንዳጸዳነው ጨመርኩ፤ ድንጋዩን በአመድ ፈትገን፣ ነጭ ጠጠር አንጥፈን፣ ወለሉ እንደ ሰሐን ያበራል አልኳቸው።

እንዝርታቸው ቆመ።

«ምን ሊበሉ ነው?»

አልገባኝም።

«እነዚህ የሚበሉት ያን እናንተ በአመድ የፈተጋችሁትን ነው። ማዕዱን ጠርጋችሁ ደፍታችሁ እንግዳ ትጠራላችሁ?»

አለነ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ ኩሬው አየሁ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ፣ ቄሱ ሳይቀሩ እጅጌ ጠቅልለው፣ ሲዘምሩ የፈተግነው ድንጋይ ትዝ አለኝ። የጎደለውን ልንሞላ ስንደክም የቀረውን ነበር ያጠብነው። ሰው ቤት ሄጄ የራሴን ቤት ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እማሆይ ተነሡና ከጓዳ አፉ የተሸረፈ ገንቦ ይዘው ወጡ። ዓሣዋን ብቻዋን አልሰጥህም፣ ማዕዷንም ይዘህ ትሄዳለህ አሉኝ። ከኩሬው ድንጋዮች እየመረጡ፣ ሙልጭልጩ እንዳይነሣ በሁለት እጅ እየያዙ ገንቦው ውስጥ ደረደሩ፣ ከኩሬው ውኃ ሞሉበት፣ በርጥብ ሣር ሸፈኑት። «ገንቦው የእናቴ ነው። ትመልሰዋለህ።» ምዬ ተቀበልኩ።

ዓሣዎቹን መያዝ ሌላ ጣጣ ነበር። አለነ የጋቢውን ጫፍ እንደ ወንፊት ዘርግቶ ከታች ቆመ፣ እኔ ድንጋዩን ከላይ ቀስ ብዬ አነሣለሁ ብዬ እግሬ ሸተት አለና እስከ ወገቤ ኩሬው ውስጥ ገባሁ። እማሆይ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ፤ ትከሻቸው ነበር የሚንቀጠቀጥ። «እሱንም ይዘኸው ሂድ፣ አለነ» አሉ። ከዚያ በኋላ በቀላሉ ሆነልን፤ ጀሪካኑ ውስጥ እፍኝ የምታህል ዓሣ ገባች። ሱሪዬ ጥዱ ላይ ተሰጥቶ እኔ የእማሆይን ቢጫ ጋቢ ለብሼ ተቀመጥኩ። የረቡዕ ጾም ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ አልቀመሱም፣ እኛም አልቀመስንም፤ ከዚያ የባቄላ ንፍሮ አብረን በላን። በየመሐሉ እየተነሣሁ ጀሪካኑን አያለሁ። እማሆይ በቅል ውኃውን እየጨለፉ ከፍ አድርገው መልሰው ሲያፈሱበት አሳዩኝ፤ ካልተንቀሳቀሰ ይታፈናሉ። ለእኔም፣ «አንተ ግን ትንሽ ረጋ በል። ውኃውን ነው እንጂ አንተን አይደለም የሚያናውጡት» አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ እንግዳ ቤት አደርን።

ሐሙስ

አለነ ገንቦውን ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ አደረሰኝ። አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ ገንቦውን ጣሪያ ላይ ልስቀለው አለ፣ እምቢ ብዬ በእግሮቼ መሐል አደረግሁት፤ ጀሪካኑን ታቀፍኩ። መንገዱን ሁሉ በቅል ጨልፌ ሳፈስ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ፣ አባባ ጠላ ያወርዳሉ እንዴ፣ ሲደርስ ይጥሩን አለ። ከጎኔ የነበረች ሴት ግን ጨለፋው ሲያደክመኝ አይታ ቅሉን ተቀበለችኝና ብዙ መንገድ እሷ አፈሰሰች። ስሟን ሳልጠይቅ ወረደች፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ጎረምሳ ገንቦውን ገልጦ እጁን ሰደደ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድንጋይ ነው፣ ልጄ።»

«ድንጋይ!» ወደ ጓደኛው ዞረ። «አባባ፣ ታች አገር ድንጋይ ጠፋ እንዴ?»

የዓሣ ምግብ ነው አልኩ። ምግብ? አለ። የዓሣዎቹን ጀሪካን አሳየሁት። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ግን ፀሐዩ ጀሪካኑ ላይ ስለዋለ አንድ ቦታ መቆም አቅቶኝ ነበር። ጎረምሳው ያወጣውን ድንጋይ ሊወረውር ሲል፣ ልጄ፣ እንደነበረ መልሰው፣ ልስልሱ እንዳይነሣ፣ አልኩት። ቆም ብሎ አየኝ። ከዚያ በሁለት እጁ ይዞ መለሰው፣ ሣሩንም አለበሰው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እናቱ ይሆን ትዝ ያለችው።

ማርቆስ ስንደርስ ወደ ይጁቤ የሚሄድ መኪና የለም ተባለ፤ መንገዱ ለጊዜው ቆሟል፣ ምናልባት ነገ። መናኸሪያው ውስጥ ካንዱ ሾፌር ወደ ሌላው ስሄድ ዋልኩ። በመጨረሻ ስንዱ ሰምታ መጥታ ወሰደችኝ። ዓሣዎቹ ሁሉም ደኅና ነበሩ። ስንዱ አይታቸው፣ ምስኪኖች ጭቃ ውኃ ውስጥ አለች። በሶ በጥብጬ ጠጣሁ፣ ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ብጋደም ያ እንደ ማጥ ነው ብዬ ያማሁት ፍራሽ ዋጠኝ። ከቤት ከወጣሁ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ

ከእንቅልፌ ስነቃ ቀጥታ ወደ ጀሪካኑ ሄድኩ። ውኃው ጥርት ብሏል። ዓሣዎቹ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተኝተዋል።

ስንዱ ናት። እኔ ስተኛ አዝና ጭቃውን ውኃ ደፍታ፣ ጀሪካኑን አጥባ፣ ከቧንቧው ቀድታ፣ እንዳይታመሙ ብላ ማከሚያውንም ጠብ አድርጋበት። ለልጆቿ የምታደርገውን ነበር ያደረገችላቸው። ሽታው ሲመጣብኝ ገባኝ። እሷም ፊቴን አይታ ገባት፤ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ገደልኳቸው፣ ጋሼ።»

እኛስ ድንጋዩን በአመድ የፈተግነው ለክፋት ነበር? ይኸንኑ ነገርኳት። አይዞሽ፣ የኛ ሰፈር ሰው በሙሉ ያጠፋውን ነው አንቺ ብቻሽን የሠራሽው አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች።

ተመልሼ ሽቅብ ልሂድ ብዬ አሰብኩ። ኪዳነ ምሕረት ቀርቧል፣ መንገዱ ነገ ይከፈት ይዘጋ አይታወቅም፣ ጉልበቴም እምቢ አለ። በዚያው ጠዋት የይጁቤ መኪና ይነሣል ተባለ። ገንቦውን ስንዱ አልነካችውም፤ ድንጋይና ሣር ምን ታደርገዋለች። እኔ ግን ጥዬው ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ዓሣ ከሌለ ማዕድ ለማን ነው? ግን የሰው ዕቃ ነው፣ የእናት ማስታወሻ ነው፣ ምያለሁ። አደራ ባይሆን ኖሮ ያ ገንቦ ዛሬ ስንዱ ደጅ አበባ ተተክሎበት ነበር። ስንዱ በነጠላዋ አዝላ እስከ መኪናው አደረሰችልኝ።

ከይጁቤ አህያ ጫኝ አገኘሁና ገንቦውን ጫነልኝ። ትርንጎ ጥጉ ላይ ቆማ ነበር። ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን አየች። የእግር ውኃ አቀረበችልኝ። ከዚያው ከገደሉ ሥር የመጣ ነው፣ ልታጠብበት አልፈለግሁም።

ገንቦውን ይዤ ወደ ሾላው ምንጭ ወረድኩ። ለእማሆይ ድንጋዩን አደርሳለሁ ብያለሁና አደርሳለሁ። አንድ በአንድ፣ በሁለት እጄ እየያዝኩ፣ ከዚያ ከፈተግነው ነጭ ጠጠር ላይ አስቀመጥኩ። ጥቁርና አረንጓዴ ሆነው ቤተ ዘመድ መሐል እንደ ገባ እንግዳ አስቀያሚ ነበሩ። የመጨረሻው ከሥሩ ጎድጎድ ያለ ድንጋይ ነው። ገልበጥ አድርጌ ሳወጣው ጣቴ ሥር አንድ ቀዝቃዛ ነገር ተላወሰ።

ልጥፍ ብላ መጥታለች። ከኩሬው ድንጋዩን ስናነሣው አብራ ተነሥታ፣ ኬላው ላይ አብራ ተፈትሻ፣ ስንዱ ቤት አብራ አድራ። እኔ ጀሪካኑን ስጠብቅ ገንቦው ውስጥ ማንም ሳይጠብቃት። ድንጋዩን ከነሷ ቀስ ብዬ አስገባሁት። ሌላ ትኖር እንደሆነ ሣሩን ሳይቀር ፈተሽኩ። አንዲት ብቻ ናት።

ኪዳነ ምሕረት

ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ምንጩ ዙሪያ ቆመ። አያ ካሴ ልጁን ችግኝ አስይዞ ነው የመጣው። ዓሣ የታለ አለ። አለች አልኩ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ፣ ማንም አላየም። እኔም አላየሁም። ከዓርብ ጀምሮ ስንቴ እንደወረድኩ ትርንጎ ታውቃለች፤ ዛሬ ጠዋት ነበረች፣ አሁን የለችም። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ፣ አያ ደሴ ድንጋይ ነው ያመጣልን አለ፣ ተሳቀ።

አያ ካሴ ጋቢውን ጣል አድርጎ በደረቱ ተኛና ፊቱን ውኃው ላይ አደረገ። ብዙ ቆየ። ከዚያ በጣቱ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ አመለከተ። «ይሄ ምንድን ነው?» አረንጓዴው ላይ ቀጭን የነጣ መስመር አለ፣ ጠመዝማዛ፤ ከሱ ጎን ሌላ፣ ከሱም ሌላ። የተላሰ ነው። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ሄደ፣ ሄደ፣ ድንጋዩ ወደ ጥግ በሚታጠፍበት ጣቱ ቆመ።

«በልታለች» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ እንዳይቀሰቅሳት። «ይቻትና።»

ሲነሣ ጢሙ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ችግኙን ከልጁ ተቀብሎ ለራሱ አጥር ይሆናል አለ። አንዲት ብቻዋን ምን ታደርጋለች ብለው ጠየቁኝ። ገንቦውን ልመልስ መሄዴ አይቀርም፣ እማሆይ እህቶቿን ይሰጡኝ ይሆናል አልኩ። አያ ካሴ፣ እንግዲያ አብሬህ እወጣለሁ፣ አንተ ኩሬ ውስጥ ትወድቃለህ አለኝ። አለነ ነው መቼም፣ ወሬውን በድንች ነጋዴ የላከበት።

ይህን የምጽፈው በማግስቱ ነው። እግሬ በውኃው ውስጥ ነው፣ ልቤ ግን እንደ ልማዱ በር ላይ ነው። ትርንጎ ጀሪካኗን ይዛ ስትወጣ ወዴት ነሽ አላልኳትም። ወደ ግራ ከታጠፈች ወደ ገደሉ ነው፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ ሾላው። ከዚህ ከተቀመጥኩበት አይታይም። ብዕሩን አስቀምጬ ጆሮዬን ሰጠሁ።

ኳ፣ አለ ከታች። ጥቂት ቆይቶ፣ ኳ።